ጧሪ፣ ዋስ እና ፈራሚ፦ ወላጅን ወደ አሜሪካ የማስመጣት ታሪክ

በታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ደብተር ነው። ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነ ተራ የተማሪ ደብተር ሲሆን፣ በ1990 ዓ.ም. አያቴን ወደ አሜሪካ ለመላክ ዘመድ አዝማድ ያዋጣው ገንዘብ ተመዝግቦበታል። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ለዚህ ኃላፊነት የተመረጥሁት ዩኒቨርሲቲ በመግባቴና የእጅ ጽሑፌ ይነበባል በመባሉ እንጂ ለታሪክ ሰነድ ላስቀምጥ አስቤ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደብተሩን ከእናቴ ሣጥን ውስጥ ሳገኘው ግን አንድ ጥያቄ አስነሣብኝ። ወላጅን የመጦር ግዴታ ከቤተሰብ ቃል ኪዳንነት ተነሥቶ ከመንግሥት ጋር የሚፈረም ውል ወደ መሆን የደረሰው በምን መንገድ ነው? በዚህ ጉዞ ውስጥስ የዘመድ እርዳታ ምን ስፍራ ተሰጠው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከደብተሩ ርቀን ጥቂት መሄድ ይኖርብናል። ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ወደ አሜሪካ ሕግ ከመግባታችን በፊት ሁለት የራሳችንን ቃላት እንመልከት። የመጀመሪያው «ጧሪ ቀባሪ» ነው። ጧሪ ወላጁን በሽምግልናው ዘመን የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስታምም ሲሆን፣ ቀባሪ ደግሞ የመጨረሻውን አደራ የሚወጣ ነው። ይህ ግዴታ የምርቃትና የርግማን ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በወላጅና በተወላጅ፣ እንዲሁም በወንድማማችና በእኅትማማች መካከል ቀለብ የመስጠትን ግዴታ ደንግጓል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በ1992 ዓ.ም. ይህንኑ መሠረተ ሐሳብ ተቀብሎታል።

ሁለተኛው ቃል «ዋስ» ነው። ዘበኛ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፤ ተከሳሽ ሲለቀቅ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ በቂ መስሎ ካልታየም የዋሱ ዋስ የሚሆን የጠለፋ ዋስ ይታከላል። እንግዲህ ያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዋስትና ሲደነግግ፣ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይናገራል። ልኩ ያልታወቀ ዕዳ ማንም ሰው ላይ እንዳይጫን የተደረገ ጥበቃ ነው። ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለመጤው ዋስ ይሆን የነበረው ዘመዱ ሳይሆን የመርከቡ ካፒቴን ነበር። ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስን የመሳሰሉ የወደብ ግዛቶች፣ ድኃ ወይም ሕመምተኛ መንገደኛ ያመጣ ካፒቴን ሰውየው የሕዝብ ሸክም ቢሆን የሚከፈል ማስያዣ እንዲሰጥ ያስገድዱ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1876 እንዲህ ያለው ሥልጣን የግዛቶቹ ሳይሆን የፌዴራሉ መንግሥት ነው ሲል ወሰነ። ኮንግረሱም በ1882 ባወጣው ሕግ የሕዝብ ሸክም ሳይሆን ራሱን ማስተዳደር የማይችል ሰው እንዳይገባ ከለከለ፤ በ1891 ደግሞ ቃሉን አሰፋና «ሸክም ሊሆን የሚችል» የሚለውን አከለበት። በዚህች ለውጥ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። መጀመሪያ የሚመዘነው ሰውየው ዛሬ ያለበት ሁኔታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚመዘነው መርማሪው ስለ ሰውየው ነገ የሚገምተው ሆነ። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ደግሞ በግምት ሚዛን ላይ ምንጊዜም ይቀልላሉ።

ይህ ግምት ወደ ወረቀት የተለወጠው በ1930ዎቹ ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ በተከተለበት በሴፕቴምበር 1930 የፕሬዚዳንት ሁቨር አስተዳደር፣ ቆንስላዎች ያንን የ«ሸክም» ድንጋጌ አጥብቀው እንዲተረጉሙ መመሪያ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ማግኘት እችላለሁ ማለት በቂ መሆኑ ቀረ፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው «እኔ እደግፈዋለሁ» ብሎ በመሐላ የሚሰጠው ቃል፣ ማለትም የድጋፍ ቃለ መሐላ፣ የቪዛ ቁልፍ ሆነ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ የጀርመን አይሁድ ይህን ወረቀት ፍለጋ ከአንድ ትውልድ በፊት ባሕር ተሻግረው ለሄዱ፣ በመልክ ለማያውቋቸው የሥጋ ዘመዶች ደብዳቤ ጻፉ። አንዳንዶቹ በአሜሪካ የስልክ ማውጫ ውስጥ የራሳቸው ስም ያለውን ሰው እየፈለጉ ለማያውቁት ሰው ጽፈዋል።

የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ መሥራች የነበረው ካርል ሌምሌ የዚህ ዘመን ትልቁ ምስክር ነው። የትውልድ ከተማው በደቡብ ጀርመን የምትገኘው ላውፕሃይም ስትሆን፣ ከዚያችና ከአካባቢዋ ለሚሸሹ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች የድጋፍ ቃለ መሐላ ፈርሟል። ሀብቱ የሚያጠያይቅ አልነበረም። ይሁንና ዕድሜው መግፋቱና የፈረመላቸው ሰዎች መብዛታቸው በባለሥልጣናቱ ዘንድ ጥርጣሬ አሳደረ፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እስከ መቼ ሊቆም ይችላል የሚል ነበር ክርክሩ። ሌምሌ በ1939 አረፈ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር ቢኖር፣ የፈራሚው ባለጸግነት ብቻውን አጥጋቢ እንዳልነበረና ቆንስሉ ወረቀቱን የሚያነብበው በፈራሚውና በተፈረመለት መካከል ያለውን የዝምድና ርቀት እየለካ መሆኑን ነው። የሩቅ ዘመድ ቃል ርካሽ ነበር።

ያ ቃል በሕግ ፊት ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ አንዳንድ ግዛቶች በሆስፒታል ለታከሙ መጤዎች ያወጡትን ገንዘብ ከፈራሚዎቹ ለማስመለስ ክስ ሲመሠርቱ፣ ፍርድ ቤቶች ቃለ መሐላው የኅሊና ግዴታ እንጂ በፍርድ የሚያስገድድ ውል አይደለም ብለው ወሰኑ። በዚህም ለሃያና ለሠላሳ ዓመታት የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ወረቀት ከጽኑ ተስፋ ያለፈ ነገር እንዳልነበረ ተረጋገጠ። እኔ ይህን ውሳኔ ባነበብሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ይሉኛል፤ እርሳቸው ቢሰሙ «ቃልስ ከውል ያንሳል እንዴ?» ይሉ ነበር።

ወላጆች በአሜሪካ ሕግ የነበራቸውን ስፍራ ደግሞ በአጭሩ ልናገር። በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ለዜጎች ወላጆች በየአገሩ ኮታ ውስጥ ቅድሚያ ሰጥቷል። የኢትዮጵያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። የ1952ቱ ሕግ ይህን ቅድሚያ በኮታ ውስጥ እንዳለ አስቀጠለው። መሠረታዊው ለውጥ የመጣው በ1965 ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ እናትና አባት ከቁጥር ገደብ ውጭ ሆኑ። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ግን ለወላጁ ማመልከት አይችልም፤ ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ይችላል፣ ለእናቱ ግን ዜግነት እስኪያገኝ ይጠብቃል።

ይህ ድንጋጌ በኢትዮጵያውያን ላይ ያስከተለው ልዩ ሁኔታ አለ። ከ1974 አብዮት በፊት አሜሪካ የነበሩት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነበሩ፤ ተመልሶ አገርን ማገልገል እንጂ ወላጅን ወደዚያ መውሰድ በሐሳባቸው አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ፣ በተለይም የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ በሱዳን በኩል ያለፉ ብዙዎች አሜሪካ ገቡ። እነዚህ ሰዎች የዜግነት ጥያቄ ለማቅረብ አምስት ዓመት መቆየት ነበረባቸው። ጊዜው ሲሞላም ሌላ ችግር ጠበቃቸው፤ ዜግነት መለወጥ አገርን መካድ መስሎ የሚታያቸው ጥቂቶች አልነበሩም። እኔ ካነጋገርኋቸው የዚያ ትውልድ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የመጨረሻውን እርምጃ የወሰዱት «ለእናቴ ስል» ብለው ነው። የዜግነትን ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ይህችን ምክንያት ልብ እንድትሏት እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያዊነቱን በሕግ የተወው ሰው ድርጊቱን የሚያስረዳው በጧሪነቱ ነበር።

ዜግነቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ እናትነትን ማስረዳት ይቀራል። የእኛ ስም አጠራር በአባት በኩል የሚወርድ በመሆኑ ልጅ ከእናቱ ጋር የሚጋራው አንድም ስም የለም። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የሚያቀርበው የክርስትና ካርድ፣ የቀበሌ ማስረጃ ወይም ዘግይቶ የወጣ የልደት የምስክር ወረቀት ነበር። ይህ ሁሉ አጠራጣሪ ሲሆን የዘረ መል ምርመራ ይጠየቃል። ስንት ምጥ ያዩ እናት የራሳቸውን ልጅ ልጄ ነው ለማሰኘት ምራቃቸውን በጥጥ ሲሰጡ ማየት በሕግ ረገድ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ እርሳቸው ግን ለጎረቤት አይናገሩትም።

ወደ ዋናው መታጠፊያ ደረስን። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 በአንድ የበጋ ወቅትና በመከሩ መባቻ ሁለት ሕጎች ፈረሙ፤ አንደኛው የማኅበራዊ ድጎማን ሥርዓት የለወጠ ሲሆን ሁለተኛው የስደትን ሕግ ያጠበቀ ነበር። የሁለቱ ውጤት የሆነው አዲሱ የድጋፍ ቃለ መሐላ ከዲሴምበር 19 ቀን 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ፍርድ ቤቶች በ1950ዎቹ «የኅሊና ግዴታ» ያሉት ነገር በዚህ ቀን በፍርድ የሚያስገድድ ውል ሆነ። ፈራሚው መጤው ከድኅነት ወለል ቢያንስ በ125 በመቶ በሆነ ገቢ እንዲኖር የማድረግ ኃላፊነት ይወስዳል። መጤው በገቢ ማነስ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ከተቀበለ፣ ድጎማውን የሰጠው አካል ፈራሚውን ከስሶ ሊያስከፍል ይችላል፤ መጤው ራሱም ሊከስ ይችላል። ግዴታው የሚያበቃው መጤው ዜጋ ሲሆን፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመታት ሲሞሉለት፣ መኖሪያ ፈቃዱን ትቶ ከአገር ሲወጣ ወይም ሲሞት ነው። ከፍተኛ የገንዘብ መጠን የለውም። እንግዲህ ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን አስታውሱ፤ ይህ ውል በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚዛን ቢመዘን ዋስትና ሆኖ ሊጸና አይችልም ነበር።

በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ለሚሄዱ እናት የእነዚህን ማብቂያዎች ትርጉም እናስላ። 40 ሩብ ዓመት የአሥር ዓመት ሥራ ነው። ዜግነት ለማግኘት የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፤ ዕድሜያቸው 55 ያለፈና በቋሚ ነዋሪነት 15 ዓመት የቆዩ ሰዎች ከቋንቋው ፈተና ነፃ ይሆናሉ። በሕመም ምክንያት ካልተፈቀደላቸው በቀር እኒህ እናት እስከ 81 ዓመታቸው መጠበቅ አለባቸው ማለት ነው። ስለዚህ ለአረጋዊ ወላጅ የተፈረመ ፊርማ በተግባር የዕድሜ ልክ ፊርማ ነው፤ ጥያቄው የማን ዕድሜ የሚለው ብቻ ነው።

አሁን ስለ ዘመድ እርዳታ። የ1996ቱ ሕግ ገቢው ያልበቃ አመልካች የጋራ ፈራሚ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚታየው መዋጮ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል ያደገ ሰው ሌላ ምን ሊታየው ይችላል? ሕጉ ግን እንዲያ አይልም። የጋራ ፈራሚው የራሱን ቤተሰብና የሚመጡትን ወላጅ ደምሮ መመዘኛውን ብቻውን ማሟላት አለበት፤ የእርሱ ገቢ በአመልካቹ ገቢ ላይ አይደመርም። ገቢን መደመር የሚቻለው በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ የቅርብ ቤተሰቦች ሲሆን፣ እነርሱም በመጀመሪያው ደንብ መሠረት ቢያንስ ስድስት ወር አብረው የኖሩ መሆን ነበረባቸው፤ ይህ ቅድመ ሁኔታ የተነሣው በ2006 ነው። አመልካቹ ቢሞት ሌላ ዘመድ እንዲተካ የፈቀደው የ2002ቱ ሕግ እንኳ ወንድምን፣ አማትን፣ አያትንና የልጅ ልጅን ሲዘረዝር አጎትንና አክስትን አላነሣም። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ደግሞ የጋራ ፈራሚ ለመሆን ዝምድና ጨርሶ አለመጠየቁ ነው። አሥር የአክስት ልጆች ተሰብስበው የማይሞሉትን ቦታ ገቢው የበቃ አንድ ባዕድ ሰው ይሞላዋል።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። አክስቴ በሱዳን በኩል አሜሪካ የገባች፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት እየሠራች ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ዜግነት እንዳገኘች ለእናቷ አመለከተች። የቪዛው ማመልከቻ ግን ተራው የደረሰው አዲሱ ውል ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ጥቂት ወራት ቢቀድም ኖሮ የወንድሞቿ የድጋፍ ደብዳቤ ይበቃ ይሆናል። አሁን ግን የእርሷ ገቢ ለራሷ፣ ለልጆቿና ለእናቷ ሲካፈል ከወለሉ በታች ሆነ። አንዱ አጎቴ አትላንታ፣ ሌላው ዳላስ ነበሩ፤ ሁለቱም ብዙ ልጆች ያሏቸው በመሆናቸው ብቻቸውን መሙላት አልቻሉም። «ግማሽ እኔ፣ ግማሽ እርሱ ብንፈርምስ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ግማሽ ፈራሚ የሚባል ነገር የለም ተባሉ።

በመጨረሻ የፈረሙት የአክስቴ አበልጅ ናቸው። የትንሿ ልጅ የክርስትና እናት፣ ነርስ፣ የሥጋ ዝምድና የሌላቸው። የራሳቸው እናት በዚያን ጊዜ ጎንደር ነበሩ። አንድ ጊዜ ለሰው የፈረመ ሰው ወደፊት ለሌላ ሲፈርም ቀድሞ የፈረመለት ሰው በቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ ይገባበታል፤ ወንድማቸው ይህን አውቆ «ለሰው እናት ፈርመሽ የራስሽን ምን ልታደርጊ ነው?» ብሎ እንደተቆጣቸው አክስቴ ነግራኛለች። እናታቸው አሜሪካን ሳያዩ በ1996 ዓ.ም. ጎንደር ላይ አረፉ። ፊርማው አስቀራቸው ብዬ ለመናገር ማስረጃ የለኝም፤ ገቢያቸው ለሁለት ይበቃ እንደሆነም ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላውም።

አያቴ በ1991 ዓ.ም. ገቡ። በሦስተኛው ዓመት ጭኔን አመመኝ ማለት ሲገባቸው ዝም አሉ። አንዲት ጎረቤት ሆስፒታል ከገቡ ሂሳቡን ከፈራሚዋ ላይ ይቆርጡታል ብላቸው ኖሯል። በሕጉ መሠረት ይህ ስሕተት ነው፤ የድንገተኛ ሕክምና እርዳታ ከፈራሚ ከሚጠየቁት ድጎማዎች ውስጥ አይደለም፤ መንግሥት ፈራሚዎችን ከስሶ ያስከፈለበት ጊዜም እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ውሉ የሠራው ሥራ በፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ አይለካም። አንዲት አሮጊት ለሰው ዕዳ ላለመሆን ሕመማቸውን ለስምንት ወር ደብቀዋል፤ ይህን የሚመዘግብ መዝገብ ቤት የለም። በ2003 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው ሲያርፉ ለቋንቋው ነፃነት ሦስት ዓመት ይቀራቸው ነበር። ውሉ በዚያ ቀን አበቃ። አስከሬናቸው አገር የገባው በቨርጂኒያው እድርና በሌላ መዋጮ ነው፤ በደብተሩ የኋለኛ ገጾች ላይ የተጻፈው እርሱ ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን የእኔ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ የዚያን የድጋፍ ቃለ መሐላ ቅጂ ሰጠችኝ። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኋቸው። ደብተሩ ለአውሮፕላን ቲኬት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለፓስፖርትና ለጉዞ ልብስ ያዋጡ የ31 ሰዎችን ስም ይዟል፤ ከእነርሱ መካከል በቅጹ ላይ የሚገኝ አንድም የለም። በቅጹ ላይ የአክስቴና የአበልጇ ፊርማ አለ። አበልጇ ገንዘብ ስላላዋጡ በደብተሩ ውስጥ ስማቸው አልተጻፈም። ጸሐፊው እኔ ስለነበርሁ ለምን እንዳልጻፍኋቸው አውቃለሁ፤ ምን ያህል ብዬ የምሞላው ቁጥር አልነበረኝም።